ኤሌክትሪክ ፒያኖና የከሃዲነት ክስ

በሙዚቃ መንደርም እንደ ፖለቲካው ሁሉ «ከሃዲ» የሚለው ቃል በቀላሉ ይወረወራል። ማይልስ ዴቪስ ይህን ስድብ የሰማው ከገዛ ወገኖቹ፣ ከጃዝ አፍቃሪዎች አንደበት ነው። ከተቆጠሩበት ወንጀሎች አንዱ ኤሌክትሪክ ፒያኖን ወደ ስቱዲዮ ማስገባቱ ነበር። ማስረጃዎቹ አልበሞቹ ናቸውና እነርሱን እያዳመጥን እንፍረድ እላለሁ።

መሣሪያው ራሱ የተወለደው ከገበያ ርቆ ነው። ሃሮልድ ሮድስ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ መምህር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሆስፒታል የተኙ ቁስለኛ ወታደሮች አልጋቸው ላይ ሆነው የሚጫወቱት ትንሽ ፒያኖ ሠራ። ለድምፅ መስጫው የተጠቀመበት ከቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የተረፈ የአሉሚኒየም ቱቦ ነበር። ከተማ ለማቃጠል የተዘጋጀ ብረት የቁስለኛ መጽናኛ ሆነ ማለት ነው! ኋላ በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባለ 73 ቁልፉ ፌንደር ሮድስ ገበያ ላይ ዋለ። በዚህ ፒያኖ ውስጥ መዶሻው ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ ንዝረቱን ማግኔት ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል። ቀስ ብለው ሲነኩት ደወል ይመስላል፤ በኃይል ሲመቱት ያጉረመርማል።

በ1968 ሄርቢ ሃንኮክ ለ«ማይልስ ኢን ዘ ስካይ» ቀረጻ ሲመጣ የለመደውን ፒያኖ አጣ። ማይልስ በቦታው የቆመውን ሮድስ አሳየው። ሃንኮክ ዕቃውን የልጆች መጫወቻ አድርጎ ይቆጥረው እንደነበር፣ ጣቱ ካረፈበት በኋላ ግን እንደወደደው ራሱ ተናግሯል።

በየካቲት 1969 የተቀረጸው «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» ላይ ሦስት ሰዎች አብረው ይጫወታሉ፦ ሃንኮክና ቺክ ኮርያ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ቪየናዊው ጆ ዛዊኑል ደግሞ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በኦርጋን። ሦስት ፒያኖ ጩኸት ይወልዳል ብሎ የሚፈራ ሰው ይሳሳታል። ማይልስ ከዛዊኑል ድርሰት አብዛኛውን ኮርድ አራግፎ ጥሎታል፤ የቀረው ጭጋግ ላይ የሚንሳፈፍ ዜማ ነው። የማን ጣት የትኛውን ድምፅ እንዳወጣ ለመለየት ስንት ጊዜ ጆሮዬን እንዳቆምኩ አላውቅም።

በ1970 የወጣው «ቢችስ ብሪው» ብዙ ተሸጠ፤ ክሱም በረታ። ሃያሲው ስታንሊ ክራውች በ1990 እንኳ ማይልስ ራሱን ለገበያ ሸጧል ሲል ጽፏል። በክሱ ውስጥ እውነት የለም አልልም፤ ኮሎምቢያ የሮክን ወጣት አድማጭ ይፈልግ ነበር፣ ማይልስም ገንዘብ አይጠላም። ነገር ግን ለገበያ ብቻ የሚሠራ ሰው ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ፣ ሬዲዮ የማይደፍረው ቅንብር ያወጣልን?

ሮክ ይህ ጭቅጭቅ አልገጠመውም። በዘ ዶርስ «ኤል ኤ ውማን» (1971) መጨረሻ ላይ የሬይ ማንዛሬክ ሮድስ እንደ ዝናብ ጠብታ ሲወርድ ማንም «ክህደት» አላለም።

ወደ እኛም እንምጣ። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ሮድስን፣ ሙግ ሲንተሳይዘርንና ከበሮ የሚተካ ማሽንን ከጥንቱ አኮርዲዮን ጋር አዋሕዶ፣ ሁሉንም ብቻውን ተጫውቶ ካሴት አወጣ። በዚያን ጊዜ ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 ገበያውን ይዞት ሮድስ መመረት አቁሞ ነበር። ካሴቱን የሰማ ሰው ኤሌክትሪኩ ቅኝቱን አጠፋው ለማለት አፉን ሞልቶ የሚናገር አይመስለኝም፤ እንዲያውም አኮርዲዮኑ ያን ያህል የሀገር ናፍቆት የሚቀሰቅሰው ሮድሱ ከሥሩ ስለተነጠፈለት ነው። ኃይሉ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ መንገደኛ በሚጠብቅበት ሰዓትም በመኪናው ይዞት በሚዞር ባለባትሪ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያገኘው ያ ሥራ በ2013 ዳግም ታተመ።