ወፍ ዘራሽ ግራር በሞጆ ማሳዎች፤ ስለ አንድ አነስተኛ ደን አያያዝ የቀረበ አጭር ጥናት

ደን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምሳር ያልደረሰበትን፥ ከሩቅ ጠቁሮ የሚታየውን ተራራ ነው። በሞጆ ዙሪያ ግን ሌላ ዓይነት ደን አለ፤ እርሱም በጤፍና በስንዴ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም የቆመው ግራር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ደን እንዴት ተጠብቆ እንደ ቆየና ዛሬ ለምን እንደሚያሠጋ ለመመርመር እንሞክራለን። ዘመኖቹን የምንጠቅሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በናዝሬት መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ነው፤ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡርም ያለፈው በእርሷ በኩል ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የቆመ ዛፍ ሁሉ ለመንገድና ለገበያ ቅርብ ነው።

ኦሮሞው ገርቢ ብሎ የሚጠራው ይህ ግራር ጠባዩ ለየት ያለ ነው። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ሌላው ሲደርቅ እርሱ ይለመልማል። ይህም ማለት ሰብሉ በሚያድግበት ወራት ፀሐይ አይጋርድበትም። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፤ ፍሬው ለከብት መኖ፥ ቅርንጫፉ ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል። ፖሸን የተባለ ተመራማሪ በሐረርጌ ደጋ ያደረገውን ጥናት በ1986 ሲያሳትም፥ ከዛፉ ሥር የበቀለው ሰብል ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ 56 ከመቶ ብልጫ እንዳለው ገልጿል። ገበሬው ግን ከጥናቱ አስቀድሞ ጥቅሙን ያውቅ ስለ ነበር፥ ማሳውን ሲመነጥር ገርቢን ለይቶ ያስቀር ነበር።

የዛፉ አያያዝ ከመሬት ሥሪት ተለይቶ ሊታይ አይችልም። እስከ 1975 ድረስ በሸዋ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር። ነገ ከመሬቱ ሊነሣ የሚችል ሰው፥ ለብዙ ዓመት ለሚጠበቅ ቡቃያ የሚደክምበት ምክንያት ትንሽ ነው። በ1965 ስለ መንግሥት ደን፥ ስለ ግል ደንና ስለ መከላከያ ደን ሦስት አዋጆች (ቁጥር 225፥ 226 እና 227) ወጡ፤ ነገር ግን ከስማቸው እንደምንረዳው፥ የታሰበው ለደን እንጂ በማሳ ውስጥ ለብቻው ለቆመ ዛፍ አልነበረም። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ደነገገ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ፥ ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ድካሙ ለሁሉ ይታያል። ዛፉ ሲቈረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና ባለቤቱ መልሶ መላልሶ ይቈርጠዋል፤ የእኔ ነው ቢልም የሚከራከረው የለም። ወፍ ዘራሹን ገርቢ ግን የተከለው ሰው የለም፤ ዘሩን የሚበትኑት ፍሬውን የበሉ ከብቶች ናቸው። እንግዲህ ማረሻውን ከቡቃያው ላይ ያዞረ ገበሬ ምን ሠራ ይባላል? በእኛ አስተያየት ይህም እንደ መትከል ያለ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ምስክር የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ በመዘንጋቱ የመጣው ጉዳት ዛሬ ይታያል። በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት፥ ከመጠን ያለፈ ምልመላና የተተኪ ዛፍ ማነስ የገርቢን ደን ለመጥፋት እያቀረቡት ይሆን ሲል ይጠይቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቅርንጫፉ ሁሉ የተመለመለ ዛፍ ፍሬ አይዝም፤ ፍሬ ከሌለም ዘር የለም። የበቀለው ቡቃያም ከማረሻ ቢተርፍ፥ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በማሳው የሚሰማራ ከብት ይበላዋል። ስለዚህ ያረጁት ዛፎች ቆመው እያየናቸው ደኑ ያልቃል።

አንዳንድ ሰው ምልመላ ፈጽሞ ይከልከል ይል ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ከዛፉ ማገዶና አጥር የማያገኝ ገበሬ ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት ይቀንሳልና። የሚሻለው ዛፎቹን በየተራ መመልመል፥ ከእያንዳንዱም ዘውድ ከፊሉን መተው፥ ሌሎቹ እንዲያፈሩ ማድረግ ነው። የተመለመለው እሾኻም ቅርንጫፍም ለቡቃያው አጥር ይሆናል።

ነገር ግን ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢሞክረው ብዙ አይጠቅምም። ከመኸር በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት በሚሆንበት ስፍራ፥ የአንዱን ቡቃያ የሚበላው የጎረቤቱ በሬ ነው። ስለዚህ የገርቢ ደን የሚድነው፥ ጎረቤታሞች ተስማምተው ከብቶቻቸውን ከየቡቃያው ሲጠብቁና፥ ቡቃያ ያዳነ ሰውም እንደ ተከለ ሰው ተቈጥሮ መብቱ ሲታወቅለት ነው።