የተከለ ይቆርጣል? የመሬት ይዞታ ዋስትናና የገበሬው የደን ምርት

ዛፍ ከሰብል የሚለየው በሚያስጠብቀው ዘመን ነው። ጤፍ የዘራ ገበሬ በጥቂት ወራት ያጭዳል፤ ባህር ዛፍ የተከለ ዓመታትን፣ ጥድ ወይም ዝግባ የተከለ ደግሞ የልጆቹን ዕድሜ ይጠብቃል። ስለዚህ የገበሬ ቤተሰብን የደን ምርታማነት የሚመረምር ሰው ከአፈሩና ከዝናቡ እኩል ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ የተከለው ሰው እስኪቆርጥ ድረስ መሬቱ በእጁ እንደሚቆይ ምን ያህል ያምናል? የይዞታ መብት ጥንካሬ በእኔ እምነት ከችግኙ ብዛት ይልቅ ገበሬው ሊጠብቀው በሚደፍረው የዛፍ ዕድሜ ይታወቃል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ ቀንበር አውጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን መሬቱ በየጊዜው የሚደለደል ሆነና የዛሬው ባለይዞታ ነገም ባለይዞታ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አጣ። በገበሬ ማኅበራት ጉልበት የለማውን የወል ደን ገበሬው የመንግሥት አድርጎ አየው፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥም በብዙ ቦታ ተጨፈጨፈ። ጨፍጫፊዎቹ የዛፍ ጥቅም ያልገባቸው ሰዎች አልነበሩም። በላባቸው ባቆሙት ደን ላይ የእኔ የሚሉት ድርሻ አልነበራቸውም። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው ድልድል ደግሞ ስጋቱን አደሰው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠቱ፣ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አንድ ላይ ማስፈሩም፣ ይህን ስጋት አለዝቦታል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሆነውን እንይ። አፈሩ በአሲዳማነት ተጎድቶ ምርት በቀነሰበት ማሳ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚደርስ የግራር ዝርያ ይተክላል። በመጀመሪያው ክረምት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስልና መሬቱን መልሶ ያርሳል። ይህን ያመጣው የአዲስ አበባ የከሰል ገበያ ነው እንጂ ደብተሩ አይደለም የሚሉ አሉ። ገበያው ምን እንደሚተከል መወሰኑ እውነት ነው። ማሳውን ለአምስት ዓመት ለዛፍ ለቅቆ ለመቀመጥ ግን ከዋጋው ሌላ፣ እነጠቃለሁ ከሚል ፍርሃት መገላገል ያስፈልጋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ገበሬው ዋስትና ባልነበረው ዘመንም ባህር ዛፍ ይተክል ነበር፣ እንዲያውም ይዞታውን ለማስከበር ይተክል ነበር ይባላል። ትክክል ነው፤ መሬቱ ቢወሰድ እንኳ ዛፉ ንብረት ነው። ነገር ግን የመረጠው ቶሎ የሚደርሰውን፣ ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጠውን ዛፍ ነበር። ዛሬም ምርጫው ብዙ አልራቀም። አንድ ዓይነት ዛፍ አገሩን ሲሞላው አደጋውም አብሮ ይመጣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዲከረንስን ማሳ የመታው የዋግ በሽታ የአንድ ወረዳን ገቢ በአንድ ዛፍ ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል።

የ2010ሩ የደን አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለባለቤትነት ዕውቅና መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። የጎደለው ረጅም ዕድሜ ያለው ዛፍ ነው። ዋንዛ ያሳደገ ሰው ቆርጦ ለመሸጥ ፈቃድ አገኝ ይሆን ብሎ የሚሰጋ ከሆነ፣ በማሳው ዳር የበቀለውን ቡቃያ ነቅሎ ባህር ዛፍ ቢተክልበት አይፈረድበትም። ቁጥጥሩ ቢላላ የተፈጥሮው ደን ያልቃል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ስለዚህም ገበሬው የሚተክለው አገር በቀል ዛፍ ገና በችግኝነቱ በቀበሌ ይመዝገብ፣ የመቁረጥና የመሸጥ መብቱም ያን ዕለት በጽሑፍ ይሰጠው።