የድሮ ላንድሮቨርና ሁለቱ ዲናሞዎች

ገዳሪፍ ገበያ ገብታችሁ «ዲናሞ ስጠኝ» ብትሉ የትኛውን ይሰጧችኋል? እኛም ሱዳኖቹም ሁለቱን በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። የጥንቱ ዲናሞና በኋላ የመጣው አልተርኔተር ግን የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ሳያውቅ የገዛ ሰው ብሩንም ጊኔውንም በአንድ ቀን ያቃጥላል። የእኔ ዲፕሎማ የንግድ ነው፣ መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን የመኪና ወጪ ከነጋዴ ኪስ ስለሚወጣ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅመናል።

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ሱዳን ያኔ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ነፃ የወጣችው በ1956 ነው። የእንግሊዝ መኪና በዚያ በኩል መብዛቱ አያስገርምም። ገዳሪፍም ቀድሞ የትራክተር እርሻ አገር ሆና ነበር፤ በ1944፣ በዓለም ጦርነቱ ዘመን፣ ለወታደር ቀለብ ተብሎ ገደምበሊያ ላይ ማሽላ በማሽን መዘራት ተጀመረ። እንዲህ ያለ አገር ጭቃ የሚደፍር መኪና ይፈልጋል።

ከገላባት በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ በክረምት የሄደ ሰው ያንን ዋልካ ያውቀዋል። መሬቱ ሲርስ ጎማውን ይይዛል፣ መኪናው እየቆመ እየተነሳ ይጓዛል። ይመሻል፣ መብራት ይበራል፣ የመስታወት መጥረጊያው ይሠራል። የድሮው ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም አያመነጭም ማለት ይቻላል። ሲፈጥን እንኳ ሉካስ ሲ40 የሚባለው 22 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የሚበላው ባትሪው ነው። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ዝም! ቡና የጫነ ሰው በዝናብ መሐል የእጅ ማዞሪያውን ብረት ይዞ ከሞተር ጋር ይታገላል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሦስተኛው ሲሪስ አልተርኔተር ይዞ መጣ። ሉካስ 16ኤሲአር 34 አምፔር ይሰጣል፣ ሞተሩ በቀስታ ሲዞርም ይሞላል፣ ሬጉሌተሩም እዚያው ውስጡ ነው። የድሮዎቹ ባለቤቶች ይህን ወደ መኪናቸው ማዛወራቸው ተገቢ ነበር።

ችግሩ ያለው ከመሬት ሽቦው ላይ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ፖዘቲቩን ከሻንሲው ጋር ነው የሚያስሩት። አልተርኔተሩ የሚፈልገው ኔጌቲቩን ነው። ሳይለወጥ ከተገጠመ ዳዮዶቹ ወዲያው ይቃጠላሉ፤ ሻጩም «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ይላችኋል።

የመኪናውን ዘመን ለመገመት መሪውን እዩ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሱዳን ደግሞ በ1973 ነው። መሪው በቀኝ ከሆነ የቆየ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙ እጅ ያለፈበት መኪና ስለሆነ፣ መሪውን አምናችሁ ባትሪውን ሳታዩ አትግዙ።

ሲገጠም ባትሪው መጀመሪያ ይፈታል። ፖዘቲቩ ከሻንሲ ከሆነ ባትሪው ይገለበጣል፣ የቦቢናው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችና አምፔር መለኪያ ካለም የእሱ ሽቦዎች ቦታ ይቀያየራሉ። የድሮው ሬጉሌተር ሣጥን ከሥራ ውጭ ይሆናል። ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪ የሚሄደው ሽቦ ወፍራም ይሁን፤ በድሮው ቀጭን ሽቦ የሚቆጥብ ሰው መኪናውን በእሳት ሊያጣ ይችላል። ፑሊው ከሞተሩ ፑሊ ጋር በአንድ መስመር ካልሆነ ቺንጋው ይበላል። የቻርጅ አምፖሏንም አትናቁ፤ ከተቃጠለች አልተርኔተሩ ሥራ ላይጀምር ይችላል፣ ብዙ ሰውም ደህናውን ዕቃ «ሞቷል» ብሎ ይጥላል።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ይለካ፤ 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ይህ ሳይለካ ለኤሌትሪሺያኑ ሒሳብ አትክፈሉ።