ባለሜዳ ያለ ሜዳ፦ የጅቡቲ ከተማና የዓለም አቀፍ ስፖርት መስተንግዶ ታሪክ

አነስተኛ ከተሞች ታላላቅ ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮችን ለማስተናገድ ይወዳደሩ ወይስ ይቅርባቸው የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በወጪና ገቢ ስሌት ተጀምሮ በዚያው ይቋጫል፤ የጅቡቲ ከተማ ታሪክ ግን ጥያቄውን ከስሌቱ በፊት ካለ ጉዳይ፣ ማለትም አንዲት ከተማ የራሷን ቡድን በራሷ ሜዳ ለማጫወት ካላት አቅም እንዲነሳ ያስገድዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅቡቲ በ1977 ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ ከወጣች በኋላ በዓለም ስፖርት ስሟ የተጠራው በእግር ኳስ ሳይሆን በረጅም ርቀት ሩጫ ነው። የአሊ ሳቢህ ተወላጅ የሆነው ሁሴን አህመድ ሳላህ በ1985 በሂሮሺማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ማራቶን ዋንጫ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ የአገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ወጥቷል፤ በቡድን ውጤትም ነጻነቷን ካገኘች ገና 8 ዓመት የሆናት አገር ዋንጫውን ወስዳለች። ሳላህ በ1987 በሮምና በ1991 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ፣ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ደግሞ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል፤ የሴኡሉ ሜዳሊያ እስከ ዛሬ ጅቡቲ በኦሊምፒክ ያገኘችው ብቸኛው ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው አያንሌ ሱሌይማንም በ2014 በሶፖት የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ አጥልቋል። እነዚህ ሁሉ ድሎች የተገኙት በባዕድ ከተሞች ጎዳናና መም ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ጅቡቲ ሯጮችን ለዓለም ሰጥታለች፣ ዓለምን በደጇ የማሯሯጥ ዕድል ግን እምብዛም አላገኘችም።

የእግር ኳሱ ታሪክ ከዚህ የተለየና የበለጠ የሚያስቆጭ ነው። በ1979 የተቋቋመው የጅቡቲ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊፋ) አባል የሆነው በ1994 ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑ የሚጫወተው በአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም በተሰየመውና 20,000 ያህል ተመልካች በሚይዘው ስታዲየም ነበር። ጅቡቲ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው በ2007 በዚሁ ከተማ ሶማሊያን 1 ለ 0 በመርታት ነው። በ2019 ደግሞ ኢስዋቲኒን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፋ በመልሱ ጨዋታ ያለ ግብ በመለያየቷ፣ ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የምድብ ድልድል ውስጥ ገባች። ከአልጄሪያ፣ ከቡርኪና ፋሶና ከኒጀር ጋር ተመድባ የአህጉሩን ታላላቅ ቡድኖች በደጇ የምታስተናግድበት ጊዜ ሲደርስ ግን ስታዲየሟ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መስፈርት አላሟላም ተባለና፣ የባለሜዳነት ጨዋታዎቿን በሞሮኮና በግብፅ አደረገች። ካፍ በእንዲህ ያለ ግምገማ የሚመለከተው የመብራቱን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የሕክምና አገልግሎቱን፣ የተመልካች መቀመጫውንና የመገናኛ ብዙኃን ሥፍራውን ነው፤ ሳሩ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ከ2019ኙ ድል በኋላ የጅቡቲ ሕዝብ በተጫዋቾቹ ላብ ያገኘውን መብት በሌላ አገር ሜዳ ሲጠቀሙበት በቴሌቪዥን ብቻ ለማየት ተገዷል፤ ይህ ከማንኛውም የገንዘብ ኪሳራ የሚከብድ ጉዳት ነው።

የመስተንግዶው መለኪያ ራሱ በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደከበደ ለመረዳት የጎረቤት ኢትዮጵያን ታሪክ ማስተያየት ይጠቅማል። ኢትዮጵያ የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ የተሰለፉት 4 ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ የአዲስ አበባው ስታዲየም ብቻውን በቅቷል። በ1968 ቡድኖቹ 8 ሲሆኑ አሥመራ ተጨመረች፤ በ1976 ደግሞ ድሬዳዋ የአንድ ምድብ መቀመጫ ሆና ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንንና ዛየርን ተቀበለች፤ በመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳችውም በዚሁ ምድብ የጀመረችው ሞሮኮ ነበረች። ድሬዳዋ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1984 በተደረገው ቆጠራ እንኳ ነዋሪዋ ከ100,000 በታች የነበረ፣ ዛሬ ካለችው ጅቡቲ በብዙ እጥፍ የምታንስ ከተማ ነበረች። ይህችን ከተማ የወለዳት ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በ1902 እዚያ የደረሰው፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ ነው፤ ስለዚህ በዚያ መስመር ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ የአህጉር ውድድር አስተናግዳ እንደማታውቅ አድርጎ መናገር ታሪክን መዘንጋት ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በዘመኑ ነው። ከ2019 ጀምሮ የአፍሪካ ዋንጫ 24 ቡድኖች የሚሳተፉበት በመሆኑ የ2027ቱን ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ እንዲያዘጋጁት ተሰጥቷቸዋል፤ ከጅቡቲ እጅግ የሚሰፉ ሦስት አገሮች ተጋርተው የተሸከሙትን ሸክም አንዲት የወደብ ከተማ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም።

ይህ ማለት ግን ከተማዋ እንግዳ መቀበል አታውቅም ማለት አይደለም። በ2000 በአቅራቢያዋ በምትገኘው አርታ የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ ለወራት ሲካሄድ ብዙ ልዑካንን አስተናግዳለች፤ በ2006 የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) መሪዎች ሲሰበሰቡ የኬምፒንስኪ ሆቴል ተሠርቶ ቀርቧል። ሆቴሉ ከጉባኤው በኋላም ሥራ ላይ የዋለው ወደብና የጦር ሰፈሮች ባሉባት ከተማ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ስለማይጠፋ ነው፤ ትልቅ ስታዲየም ግን እንዲህ ያለ የዘወትር ደንበኛ የለውም። የሞንትሪያል የ1976ቱ ኦሊምፒክ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 መሆኑ ለሀብታም ከተሞችም እንኳ ሸክሙ ምን ያህል እንደሚረዝም ያሳያል። ጅቡቲ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከ2017 ጀምሮም የመጠጥ ውሃ ከኢትዮጵያ የምትቀበል፣ በክረምቱ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ከተማ ናት።

ከዚህ ሁሉ አንጻር ለከተማዋ የሚስማማው በጎዳና የሚሮጥ ውድድር ነው። የጅቡቲ ዓለም አቀፍ ግማሽ ማራቶን፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ሩጫ፣ ጎዳናና ቀዝቃዛ ወር እንጂ ስታዲየም አይጠይቅም፤ የሳላህና የሮብሌ አገር ከኢትዮጵያና ከኬንያ ሯጮች ጋር በእኩል ስም የምትቆምበት መስክም ይኸው ነው። በ2018 ያስተናገደችው የሕንድ ውቅያኖስ አገሮች የወጣቶች ጨዋታም ለአቅሟ የሚመጥን ነበር። ስታዲየሙን በተመለከተ ግን ቅድሚያ የሚገባው ያለውን አድሶ የካፍን ፈቃድ ማስመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ጋር የቀጣና ውድድር በጋራ ለመጠየቅ በር ይከፈታል። ኢትዮጵያም እንዲሁ ፈቃድ ያለው ስታዲየም በማጣቷ፣ በአንድ የባቡር መስመር የተሳሰሩት ሁለቱ ጎረቤቶች በ2024 እና በ2025 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያደረጓቸው ሁለቱም ጨዋታዎች የተካሄዱት በሞሮኮ ነው።