አሩስ፦ የጠላቂዎቹ መንደርና የእግረኞቹ መንገድ

የአሩስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከባሕሩ ነው። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በረሃው ከቀይ ባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ለባሕር ጠላቂዎች የተሠራ አንድ የመዝናኛ መንደር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንደሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ቀን ቀን እንግዳ ይቀበላሉ፣ ጀልባ ያዘጋጃሉ፣ መጥለቅ ያስተምራሉ። አንዳንድ ሌሊት ግን መኪናቸውን አስነሥተው ይጠፋሉ። ሰዎቹ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ባልደረቦች ነበሩ። ሥራቸውም ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የተሰደዱ ቤተ እስራኤላውያንን በስውር ማሻገር ነበር።

ለፊልም የሚመች ታሪክ ነው፤ በ2019ም ፊልም ሆኖ በኔትፍሊክስ ወጥቷል። ችግሩ ታሪኩ ከባሕሩ ሲጀመር ዋናዎቹ ባለታሪኮች ዘግይተው መድረሳቸው ነው። ቤተ እስራኤላውያኑ አሩስ ሲደርሱ የመከራቸውን ትልቁን ክፍል ጨርሰው ነበር። እኛ የምናውቀው ግን የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ነው።

የስለላው ሽፋን ለምን እንደታመነ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ውኃውን ማየት ያስፈልጋል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነው፤ ጥቃቅን እንስሳት የኖራ አጽማቸውን እየደራረቡ በሺህ ዓመታት የሚገነቡት ግንብ ነው። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም። ጭቃ የሚያመጣበት ስለሌለ ውኃው የጠራ ነው፤ ኮራልም ብርሃን ይወዳል። ሻአብ ሩሚና ሳንጋነብ በተባሉት የኮራል አለቶች ዙሪያ ጭንቅላታቸው መዶሻ የሚመስል ሻርኮች በመንጋ ይዋኛሉ። ወደ ሰሜን፣ በዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥ፣ ማንታ የሚባለው ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ይታያል፤ ዱጎንግ የተባለው አጥቢ እንስሳም የባሕር ሣር ይግጣል። ዩኔስኮ በ2016 ሳንጋነብንና ዱንጎናብን በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ጠላቂዎች ይህን ያወቁት ቀድመው ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 በሻአብ ሩሚ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የብረት ቤት ተክሎ፣ ባልደረቦቹ ለአንድ ወር ከባሕር በታች ኖረዋል። የዚያ ሙከራ ፊልም ኦስካር ተሸልሟል። እዚያው ፖርት ሱዳን አጠገብ፣ ዊንጌት በተባለው የኮራል አለት ላይ፣ ኡምብሪያ የተባለች የጣሊያን መርከብ ሰጥማ ትገኛለች። በሰኔ 1940 ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ፣ መርከቢቱ ለምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቷ የታሰበ ቦምብ በብዛት ጭና ነበር። ካፒቴኑ በእንግሊዞች እጅ ከምትወድቅ ብሎ ሆን ብሎ አሰጠማት። በዚያን ጊዜ ጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቴ ትል የነበረው ኢትዮጵያንም ጨምሮ ነው። ዛሬ ቦምቡ መካከል ዓሣ ይመላለሳል፤ ጠላቂውም ያንኑ አይቶ ይደነቃል። በዚህ ባሕር የአንዱ መዝናኛ ከሌላው መከራ ጋር ጎን ለጎን መኖሩ በአሩስ አልተጀመረም።

የአሩስን መንደር የሠሩት በ1972 ጣሊያናውያን ባለሀብቶች ናቸው። አሥራ አምስት ያህል ጎጆዎች፣ ወጥ ቤትና የመመገቢያ አዳራሽ ነበረው። መብራት፣ የቧንቧ ውኃና ደህና መንገድ ስላልነበረው ግን ሥራው አላዋጣም፤ ትተውት ሄዱ። በኋላ ሞሳድ በስዊዘርላንድ ኩባንያ ስም ለሱዳን መንግሥት ቀርቦ መንደሩን ለሦስት ዓመት ተከራየ። ኪራዩ 320 ሺህ ዶላር ነበር። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል ናት፤ ከእስራኤል ጋርም ግንኙነት አልነበራትም። ነጭ የባሕር ጠላቂ ግን ማንም አይጠረጥረውም፤ ባሕሩ እንደሚያስመጣው ሁሉም ያውቃል።

ሽፋኑ እውነተኛ ሥራ ሆነ። የሱዳን ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ የአሠሪዎቻቸውን ማንነት አያውቁም ነበር። የጠላቂዎች ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል የመገናኛ ሬዲዮ ስለተደበቀበት ለሌላ ሰው ዝግ ነበር። ካርቱም የሚኖሩ ዲፕሎማቶችና የሱዳን ባለሥልጣናት ሳይቀሩ እየመጡ አርፈውበታል። መንደሩ አትራፊ እስከመሆን ደረሰ።

ወደ አሩስ ያደረሰው መንገድ ግን የተጠረገው በሌላ ሰው ነው። በ1977 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሜናኽም ቤጊን ከደርግ ጋር በስውር ተስማምተው ነበር፤ የጦር መሣሪያ ጭነው የሚመጡ አውሮፕላኖች ሲመለሱ ቤተ እስራኤላውያንን ይወስዳሉ። በየካቲት 1978 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን ነገሩን በአደባባይ ሲናገሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ስምምነቱን አቋረጡ። ቀጥተኛው በር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፈረደ አክሉም የተባለ የትግራይ ተወላጅ፣ ራሱ ቤተ እስራኤላዊ የሆነ መምህር፣ ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን ገባና ለእርዳታ ድርጅቶች የድረሱልኝ መልእክት ላከ። መልእክቱ ሞሳድ እጅ ደረሰ። ዳኒ ሊሞር የተባለው መኮንን ካርቱም ድረስ ሄዶ ያገኘው ፈረደን ነው። የኢየሩሳሌም መንገድ በሱዳን በኩል ነው የሚለውን ቃል ወደ ትውልድ መንደሮቹ የላከውም እሱ ነው። አሩስ የታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቃሉን የሰሙት ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ ተነሡ። ከብታቸውንና ቤታቸውን ትተው፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዘው፣ ወታደርና ሽፍታ እየሸሹ፣ አብዛኛውን ሌሊት ሌሊት ለሳምንታት ተጓዙ። ሱዳን ሲገቡ በገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባን በመሰሉ የስደተኛ ጣቢያዎች ሰፈሩ። እዚያም እምነታቸውን ደብቀው ኖሩ፤ ወባውና ተቅማጡ በተለይ በ1984 ብዙ ሰው ፈጀ። ሬሳቸውን እንደ ወጋቸው በግልጽ መቅበር እንኳ የሚያስጋበት ጊዜ ነበር። በመንገድና በጣቢያ ያለቁት 4,000 ገደማ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

በጣቢያዎቹ ውስጥ ኮሚቴ የሚባሉ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ነበሩ። ገንዘብና መድኃኒት ያደሉ ነበር፤ ተረኛውን ይመርጡና በሌሊት ቤቱ ድረስ ሄደው ተነሥ ይሉት ነበር። የሱዳን ፖሊስ ቢይዛቸው የውጭ ፓስፖርት የላቸውም፤ የሚከራከርላቸው ኤምባሲም የለም። ያለ እነሱ የሞሳድ መኪና ማንን እንደሚጭን እንኳ አያውቅም ነበር።

የተመረጡት በጭነት መኪና ተሸፍነው፣ ኬላ እያለፉ፣ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ባሕር ዳር ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ከጣና የሰፋ ውኃ አይተው አያውቁም። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው፣ ኮራሉን ጥሰው፣ ራቅ ብላ ወደቆመች መርከብ ይወስዷቸዋል። የመጀመሪያው የባሕር ጉዞ በኅዳር 1981 ተደረገ። በመጋቢት 1982፣ በሦስተኛው ጉዞ፣ የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንድ ነጋዴ መስለዋቸው ተኩስ ከፈቱ። ጀልባዎቹ አመለጡ፤ የባሕሩ መንገድ ግን ከዚያ በኋላ አላስተማመነም። ከግንቦት 1982 ጀምሮ ሄርኩለስ የጦር አውሮፕላኖች በሌሊት በረሃ ላይ እያረፉ መጫን ጀመሩ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 መጀመሪያ ደግሞ በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰዎች ከካርቱም በብራስልስ በኩል ተወሰዱ። ወሬው በአደባባይ ሲወጣ ሱዳን አስቆመችው። በሚያዝያ 1985 ጃዕፈር ኒሜሪ ከሥልጣን ወረዱ። አዲሶቹ ገዢዎች ሰላይ ማደን ሲጀምሩ የአሩስ ሰዎች ሳይነጋ መንደሩን ለቀቁ፤ እንግዶቹ ሲነቁ አስተናጋጆቹ የሉም።

ወኪሎቹ ነፍሳቸውን ለአደጋ አልሰጡም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ቢያዙ ሞት ነበር የሚጠብቃቸው። ነገር ግን በ2019ኙ ፊልም ጀግናው እስራኤላዊው ወኪል ነው፤ ፈረደን የሚመስለው ኢትዮጵያዊ አጃቢ ሆኖ ቀርቧል። በእውነተኛው ታሪክ ግን መጀመሪያ የተጣራው ፈረደ ነው፤ የመጣው የተጠራው ነው። የማዳን ታሪክ በአዳኙ አፍ ብቻ ሲነገር፣ የዳነው ሰው የራሱን መንገድ እንዳልሄደ፣ በጭነት እንደመጣ ዕቃ ይቆጠራል።

ይህ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ፖርት ሱዳን የባሕር ጠላቂ መነሻ መሆኗ ቀርቶ የተፈናቃይ መጠጊያና የመንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በግንቦት 2025 እሷም በድሮን ተደበደበች። በዚያው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን መተማን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ቤተ እስራኤላውያኑ ያለፉበትን ድንበር በተቃራኒው አቅጣጫ አቋረጡት ማለት ነው። ኩመርና አውላላ ጣቢያዎች ተጠለሉ፤ በ2024 ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው ብዙዎቹ ጣቢያውን ጥለው ጫካ ገቡ።

ከዓመታት በኋላ ስለ እነሱም ፊልም ይሠራ ይሆናል፤ ካሜራው የሚተከለውም አንድ አዳኝ በቆመበት ቦታ ይሆናል። የመተማን መንገድ ግን ለማየት ፊልም መጠበቅ አያስፈልግም። የአሩስ ቱሪስት ከባሕሩ በታች ያለውን ዓሣ አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር፤ ከኋላው በረሃውን አቋርጦ የሚመጣውን ሰው ግን አላየም። እሱ አላወቀም ነበርና አይፈረድበትም። እያወቀ ፊቱን ያዞረ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?