ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ፤ ርቀትና ጊዜ

በሒሳብ ክፍል ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ጊዜን እንደሚሰጥ ተምረናል። ታሪክ ደግሞ ርቀቱ ሳይለወጥ ጊዜው በየዘመኑ እንደሚለወጥ ያስተምረናል። ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከከተማችን ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ይበቃናል።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። መንገዱ በኢተያና በዴራ ወርዶ፥ አዋሽን ተሻግሮ አዳማ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ጠቅላላው ርዝመት 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አባቶቻችን ይህን አገር በእግርና በበቅሎ ያቋርጡት ነበር። መንገደኛ በቀን 35 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ግን፥ ሐዲዱ በአዳማ ስለሚያልፍ፥ የአርሲ ሰው እስከዚያ ከወረደ በኋላ የቀረውን በባቡር ለመሄድ ቻለ። ቀጥሎም መኪና መጣና ቀኑ በሰዓት ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድም ጉዞውን ይበልጥ አሳጠረው።

ወደ ሰማይም እንመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያን ጊዜ የነበሩት ዳኮታ አይሮፕላኖች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበር። አይሮፕላንን ተራራና ሸለቆ አያዞረውምና፥ ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ሲለካ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ዳኮታ በዚህ መስመር ቢበር፥ የአምስት ቀኑን መንገድ በ25 ደቂቃ በጨረሰው ነበር!

ነገር ግን ሌላም ሒሳብ አለን። የአገራችን ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም ሌላ 10። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ይህንኑ ያህል ርቀት በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሮጦ ወርቅ አገኘ። ስለዚህ አይሮፕላኑ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ የኦሊምፒኩ ባለ ድል ገና ከትምህርት ቤቱ ደጅ አልደረሰም ማለት ነው። በእግሩ የሚሄድ ሕፃን ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።

በሯጮቻችን እንኮራለን። ሆኖም መንገዱ ርቆባቸው ትምህርታቸውን የተዉት ልጆች ስም በየትም አልተጻፈም። ምጥ ይዟት በቃሬዛ ለምትመጣ እናትም የሚረዝመው ጉዞ ከከተማ እስከ ከተማ ያለው ሳይሆን፥ ከጎጆዋ እስከ መኪናው መንገድ ያለው ነው።

ስለዚህ የርቀት ታሪክ ገና አላለቀም። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፥ ሐኪምና አስተማሪ የሚሆኑ አሉ። አባቶቻችን አምስቱን ቀን ወደ ሰዓታት አሳጥረው አስረክበውናል፤ የቀረችውን 10 ኪሎ ሜትር ማሳጠር የእኛ ድርሻ ነው።