በበይነ መረብ ጨረታ አሸንፎ ክፍያ ስላልፈጸመ ገዢ፦ የሻጩ መብቶችና ሊወስዳቸው የሚገቡ እርምጃዎች

ዜጎች ያገለገሉ ዕቃዎችን፣ የቤት ቁሳቁስንና ማሽኖችን በድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ለጨረታ አቅርበው የመሸጥ ልማዳቸው እያደገ መጥቷል። በዚህ አሠራር በብዛት ከሚነሡት ቅሬታዎች አንዱ አሸናፊው ተጫራች ዋጋውን ከሰጠ በኋላ ገንዘቡን ሳይከፍል መጥፋቱ ነው። ይህ ጽሑፍ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ጨረታ ላይ ሻጩ በሕግ ያሉትን መብቶችና መብቶቹ የሚሠሩበትን ቅደም ተከተል ያስረዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያወጧቸው ጨረታዎች፣ የባንክ የመያዣ ሽያጭና በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚከናወን ሐራጅ በየራሳቸው ሕግና መመሪያ የሚመሩ በመሆናቸው እዚህ አልተካተቱም።

ውሉ ጸንቷል ወይስ አልጸናም?

ብዙ ሻጮች የተፈረመ ወረቀት ስለሌላቸው መብት የሌላቸው ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል በማናቸውም መንገድ ሊደረግ ይችላል፤ ለተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭም የተለየ ፎርም አልታዘዘም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመላኩ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለዚህ ጨረታው በተነገረው ሰዓት ተዘግቶ ለከፍተኛው ተጫራች መጽናቱ ከተገለጸ፣ «ቀልዴን ነው» ወይም «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» የሚል ምላሽ ገዢውን ከግዴታው ነጻ አያወጣውም። በቁጥር 1731 መሠረት በሚገባ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል ሕግ ነው።

ይህ ለቤት አይሠራም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ ስላለበት፣ በበይነ መረብ የተሰጠ ዋጋ ብቻውን የቤት ሽያጭ ውል አይሆንም። ተሽከርካሪም የባለቤትነት ምዝገባ የሚጠይቅ ንብረት ስለሆነ፣ ሻጩ ተሽከርካሪውን ለገዢው ከማስረከቡ በፊት የውልና የስም ዝውውሩን ጉዳይ ከሚመለከተው አካል ዘንድ ሊያጣራ ይገባል።

ከእርምጃ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

ክፍያ የዘገየበት ምክንያት ሁልጊዜ ክፉ ሐሳብ አይደለም። የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የዕለት የዝውውር ጣሪያ፣ በስሕተት የተጻፈ የሒሳብ ቁጥር ወይም የኔትወርክ መቋረጥ ሊኖር ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ግን ዕቃው በማስታወቂያው እንደተገለጸው ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ቁጥር 1757 ሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ሊጠይቅ የሚችለው የራሱን የፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ የሆነ ተዋዋይ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ዕቃውን ሊያየው ሄዶ የተነገረለት ጥራት የሌለው መሆኑን ያረጋገጠ ገዢ ክፍያውን ቢያቆም፣ ጥፋቱ የገዢው ነው ለማለት ያስቸግራል። ሻጩ ዘመድ ወይም ጓደኛ አሰልፎ ዋጋውን በሐሰት አስወጥቶ ከሆነም ገዢው በቁጥር 1704 መሠረት ተታልያለሁ በማለት ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

የተጫራቹ ዕድሜም መታየት አለበት። በወላጁ ስልክ ዋጋ የሚሰጥ ልጅ ጥቂት አይደለም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው የገባው ውል በእርሱ ወይም በሕጋዊ ወኪሉ ጥያቄ ሊፈርስ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ከወላጅ ወይም ከአሳዳሪ ጋር ተነጋግሮ ጨረታውን መዝጋት ይመረጣል።

በአንጻሩ «ገንዘብ አጠረኝ» ወይም «ደመወዝ አልገባልኝም» የሚለው ምክንያት የገዢውን ግዴታ አያስቀርም። የገንዘብ እጥረት ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ተደርጎ አይቆጠርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም የሚመሠረትበት እርምጃ

ገዢው እንዳልከፈለ የተረዳ ሻጭ በቅድሚያ የሚያደርገው ነገር ዕቃውን ለሌላ መሸጥ ወይም የገዢውን ስምና ፎቶ በቻናሉ ላይ መለጠፍ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው እርምጃ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ቁጥር 1772 በውሉ አለመፈጸም መብቱን ሊጠይቅ የሚፈልግ ተዋዋይ አስቀድሞ ባለዕዳውን እንዲያስጠነቅቅ ያዝዛል። ይህን ሳያደርግ ዕቃውን ለሌላ የሸጠ ሻጭ፣ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ ራሱ ውል አፍራሽ ሆኖ ሊገኝና ኪሳራ ሊጠየቅ ይችላል።

ማስጠንቀቂያው በቁጥር 1773 መሠረት በጽሑፍ ወይም ባለመብቱ ግዴታው እንዲፈጸምለት መፈለጉን በሚያሳይ በማናቸውም ሌላ አድራጎት ሊሰጥ ይችላል። በቴሌግራም፣ በኢሜይል ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ዋናው ጉዳይ መላኩንና መድረሱን ማስረዳት መቻሉ ነው። በስልክ ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ለመካድ ቀላል በመሆኑ፣ ከስልክ ንግግሩ በኋላ ይኸው ቃል በጽሑፍ ቢላክ ይበጃል። የገንዘቡ መጠን ከፍ ያለ ከሆነ በአደራ ደብዳቤ መላክ የተሻለ ማስረጃ ይሆናል።

ይዘቱ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት። ለምሳሌ፦ «ጥር 12 ቀን በተዘጋው ጨረታ የቡና መፍጫ ማሽኑን በ64,000 ብር አሸንፈዋል። ክፍያው እስከ ጥር 14 ቀን መፈጸም የነበረበት ቢሆንም አልተፈጸመም። ይህ መልእክት ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ7 ቀናት ውስጥ ካልከፈሉ ክፍያውን የማልቀበል፣ ውሉን የምሰርዝና ዕቃውን ለሌላ ሸጬ የደረሰብኝን ኪሳራ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።» የሚል ቃል በቂ ነው። የጊዜ ገደቡን ለመወሰን ቁጥር 1774 ለሻጩ መብት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ገደቡ እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። ለ2,000 ብር ዕቃ ሁለትና ሦስት ቀን በቂ ሊሆን ይችላል፤ ከክፍለ ሀገር የሚገዛ ከባድ ማሽን ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ስድብና ዛቻ ያለበት መልእክት ሻጩን አይጠቅመውም፤ ይልቁንም በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም በቁጥር 1775 ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለጨረታ ሻጭ የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው። ገዢው እንደማይከፍል በጽሑፍ ካስታወቀ፣ ወይም የተወሰነው ቀን ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ግዴታውን እንዳልፈጸመ እንደሚቆጠር በውሉ ላይ ከተገለጸ፣ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ መስጠት አያስፈልግም። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር በጨረታ ማስታወቂያው ላይ የጻፈ ሻጭ በኋላ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ማስገደድ ወይስ መሰረዝ?

የማስጠንቀቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ቁጥር 1771 ለሻጩ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት ሊጠይቅ ይችላል። በሁለቱም መንገድ በተጨማሪ የደረሰበትን ኪሳራ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ሁለቱን በአንድነት ማካሄድ ግን አይቻልም፤ ዕቃውን ለሌላ ሸጦ ከመጀመሪያው ገዢ ሙሉ ዋጋውን መጠየቅ ተቀባይነት የለውም።

ክፍያውን የመረጠ ሻጭ ዕቃውን ለማስረከብ ዝግጁ ሆኖ ዋጋውን ከነወለዱ ይጠይቃል። በሕግ የተወሰነው ወለድ በቁጥር 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ64,000 ብር ምሳሌ የአንድ ዓመት ወለድ 5,760 ብር ይሆናል። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ሌላ ገዢ በቀላሉ ለማይገኝለት ዕቃ ነው። በገበያ ላይ በቀላሉ ለሚሸጥ ዕቃ ግን ውሉን ሰርዞ ለሌላ መሸጥ የተሻለ ነው፤ ገዢው በተሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ውስጥ ካልከፈለ ቁጥር 1787 ሻጩ ራሱ ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል።

ያው ማሽን በድጋሚ ሲሸጥ 58,000 ብር ቢያወጣ፣ ሻጩ የ6,000 ብር ልዩነቱንና ለድጋሚ ሽያጩ ያወጣውን ተገቢ ወጪ ከመጀመሪያው ገዢ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ላይ ቁጥር 1802 አንድ ግዴታ ይጥልበታል፤ ተጎጂው ኪሳራው እንዳይበዛ የሚችለውን ማድረግ አለበት። ሁለተኛው ተጫራች 61,500 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ሻጩ እንቢ ብሎ ከአራት ወር በኋላ በ50,000 ብር ቢሸጥ፣ ፍርድ ቤቱ የልዩነቱን ሙሉ መጠን በገዢው ላይ ይጥላል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሁለተኛው ተጫራች ግን ከፍ ያለ ዋጋ ቀርቦ ስለተበለጠ በቀድሞ ዋጋው እንዲገዛ ሊገደድ አይችልም፤ ከእርሱ ጋር አዲስ ስምምነት ማድረግ ያስፈልጋል።

ቀብድ፣ ቅድመ ክፍያና መቀጫ

በልማድ ቀብድና ቅድመ ክፍያ አንድ ተደርገው ቢጠሩም በሕግ ውጤታቸው የተለያየ ነው። ቀብድ በቁጥር 1883 መሠረት ውል ለመኖሩ ማረጋገጫ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ገዢ ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ሻጭ ሐሳቡን ከለወጠ ዕጥፉን ይመልሳል። ሻጮች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ 1,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ገዢው ሲቀር በ1,000 ብሩ ሊወሰንና የዋጋ ልዩነቱን መጠየቅ ሊሳነው ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ ቀብድ ከመቀበል ይልቅ፣ ወይም ከቀብዱ ጋር፣ ገዢው ካልከፈለ የሚጠየቀውን መቀጫ በማስታወቂያው ላይ በቁጥር መወሰን ይጠቅማል። መቀጫ ከተወሰነ ሻጩ የጉዳቱን መጠን ማስረዳት አያስፈልገውም። በቅድመ ክፍያ ስም የተቀበለው ገንዘብ ግን ውሉ ሲሰረዝ፣ ከሚጠየቀው ኪሳራ ጋር ታስቦ፣ ለገዢው የሚመለስ ነው።

ሐሰተኛ የክፍያ ማስረጃ

አለመክፈል ብቻውን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ፖሊስም የግለሰብ ዕዳ አያስከፍልም። ሆኖም ያልተላለፈ ገንዘብ የተላለፈ አስመስሎ፣ የተቀነባበረ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ወይም የሐሰት የጽሑፍ መልእክት በማሳየት ዕቃ የወሰደ ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 በማታለል ወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትም በአንቀጽ 693 ያስቀጣል። በዚህ ጊዜ ሳይዘገዩ ዕቃው በተወሰደበት አካባቢ ላለው ፖሊስ ማመልከትና ለባንኩ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ዕቃ ከማስረከብ በፊት ገዢው በሚያሳየው ስልክ ሳይሆን በራስ ሒሳብ ላይ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ከሁሉም የላቀ መከላከያ ነው።

ክስ ስለማቅረብ

ክሱ በመሠረቱ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ለሚገኝ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በፌዴራል ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ጉዳይ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ድረስ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል። የሚጠየቀው የተወሰነ የገንዘብ መጠን ብቻ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 በተደነገገው አጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። የዳኝነት ክፍያ የመክፈል ዐቅም የሌለው ከሳሽ በዚሁ ሕግ ቁጥር 467 መሠረት ያለ ክፍያ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን ሊያመለክት ይችላል።

ልዩነቱ ጥቂት መቶ ብር ከሆነ የክሱ ድካምና ወጪ ከሚገኘው ገንዘብ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ውሉን ሰርዞ ዕቃውን መሸጥና ጉዳዩን መዝጋት ይሻላል። ክስ ለማቅረብ የወሰነ ሻጭ ግን የጨረታ ማስታወቂያውን፣ የዋጋዎቹን ዝርዝር ከነሰዓታቸው፣ የአሸናፊነት መግለጫውን፣ የላከውን ማስጠንቀቂያና ዕቃው በድጋሚ የተሸጠበትን ሰነድ አያይዞ ያቀርባል። ከሁሉ በፊት ግን የተከሳሹን ትክክለኛ ስምና አድራሻ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በቅጽል ስም የተጫረተ ሰው መጥሪያ ሊደርሰው ስለማይችል፣ ዋጋ ከመቀበል በፊት ተጫራቾች ሙሉ ስማቸውንና ስልካቸውን እንዲያስመዘግቡ ማድረግ ተገቢ ነው። ሕጉ የተለየ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር ከውል የሚመነጭ ክስ የይርጋ ዘመን በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው፤ ይሁን እንጂ በቻናሎች ላይ የሚገኝ ጽሑፍ በቀላሉ ሊጠፋ ስለሚችል ማስረጃዎቹን በዕለቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።